ተማሪ ሆኜ የሰራሁት ስራ ለካናዳ ፒአር (ቋሚ መኖሪያ) ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

ዊኒ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። ዊኒፔግ ነኝ፣ በ2023 በተማሪ ቪዛ መጥቼ የ2 አመት የአካውንቲንግ ዲፕሎማ ተምሬ በ2025 ኤፕሪል ጨረስኩ፣ አሁን የ3 አመት ወርክ ፐርሚት ይዤ ከሜይ ጀምሮ ፔይሮል ላይ ፉል ታይም እየሰራሁ ነው። ተማሪ እያለሁ ደሞ አንድ ምግብ ቤት ኩክ ነበርኩ ከአመት በላይ፣ ቲ4 (ቀጣሪ የሚሰጠው የአመት ደሞዝ ወረቀት) አለኝ፣ በዛ ላይ ኮኦፕ (የትምህርቱ አካል የሆነ የስራ ልምምድ) 4 ወር አንድ ቢሮ ተከፍሎኝ ሰርቻለሁ። አሁን ጓደኞቼ ሁለት ቦታ ተከፈሉ፣ ግማሹ የተማሪ ስራ ዜሮ ነው እርሳው ይለኛል፣ ግማሹ ደሞ እከሌ በኮኦፑ አይደል እንዴ የገባው ይለኛል። የቱን ልመን? የሚቆጠር ከሆነ ዛሬውኑ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ላይ ፕሮፋይል ልክፈት፣ ካልሆነ እስከ ሜይ 2026 ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ነው? 29 አመቴ ነው፣ 30 ስሞላ ፖይንት ይቀንሳል ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ቆሎ_ሻጭ፦
ዜሮ ነው ወንድሜ። ቀጣይ ጥያቄ።

ማለዳ21፦
ኧረ ቆሎ ሻጭ ቀስ በል። የአክስቴ ልጅ ቶሮንቶ ፒኤችዲ ስትማር ቲኤ (የመምህር ረዳት) ሆና የሰራችው ተቆጥሮላት ነው ፒአር ያገኘችው። በአይኔ ያየሁት ነገር ነው፣ ዝም ብሎ ዜሮ ማለት ሰው ያሳስታል።

ቆሎ_ሻጭ፦
እኔ ደሞ በአይኔ ያየሁት በኮኦፕ አመልክቶ የተመለሰበትን ልጅ ነው። የማን አይን ይበልጣል እንግዲህ ሃሃ

ጋሽ_ፋይል፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የምታወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያየ ፕሮግራም ነው። ጠበቃ አይደለሁም፣ የራሴንም የቤተሰብም ፋይል ስሰራ ስለኖርኩ ነው።

ኤክስፕረስ ኢንትሪ ፕሮግራም አይደለም፣ ከ2015 ጀምሮ ያለ የአመልካቾች ማጠራቀሚያ ነው፣ ውስጡ ሶስት ፕሮግራም አለ። ብዙ ሰው የሚገባባቸው ሁለቱ ሲኢሲ (የካናዳ ልምድ ያላቸው) እና ኤፍኤስደብሊው (ባለሙያ ሰራተኛ) ናቸው። ሲኢሲ ባለፉት 3 አመታት ውስጥ ካናዳ የተሰራ የ1 አመት ስኪልድ ስራ ይፈልጋል፣ በሰአት ሲቆጠር በጠቅላላው 1,560 ማለት ነው፣ እና ህጉ ላይ ቁልጭ ብሎ ፉል ታይም እየተማርክ የሰራኸው አይቆጠርም ተብሎ ተጽፏል። ኮኦፕም ቢሆን፣ ተከፍሎህም ቢሆን፣ ቲ4 ቢኖርህም አይቆጠርም። ቆሎ ሻጭ ያየው ልጅ እዚህ ጋ ነው የወደቀው።

ኤፍኤስደብሊው ግን እንደዛ አይልም። እሱ ባለፉት 10 አመታት ውስጥ፣ ካናዳም ይሁን አዲስ አበባም ይሁን ዱባይም ይሁን፣ በአንድ ሙያ ያልተቋረጠ የ1 አመት ስኪልድ ስራ ነው የሚፈልገው። ተማሪ እያለህ የሰራኸውም ሊቆጠር ይችላል፣ ደሞዝ ወይ ኮሚሽን ከተከፈለህ፣ ካልተቆራረጠ እና ሌላውን መስፈርት ካሟላ። የማለዳ አክስት ልጅ በዚህ ነው የገባችው ብዬ እገምታለሁ፣ ምክንያቱም ቲኤ በካናዳ የስራ ምደባ ከፍ ያለ ቦታ ነው ያለው፣ ቲር 1። ግን ቲኤ በሳምንት 10 ሰአት አካባቢ ስለሆነ 1,560 ሰአት ለመሙላት 3 አመት ይፈጃል፣ ፒኤችዲ ስለሆነች ነው የበቃላት።

ዊኒ_ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ እኔም ኩክ የሰራሁትን በኤፍኤስደብሊው ላስገባው? ኩክ ስኪልድ ነው አሉኝ።

ጋሽ_ፋይል፦
ኩክ ቲር 3 ነው አዎ ስኪልድ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ካናዳ ስራን ከ0 እስከ 5 ትደለድላለች፣ ከ0 እስከ 3 ያለው ስኪልድ ይባላል፣ 4 እና 5 አይባልም። ካሸር፣ ካውንተር ላይ ምግብ የሚያቀብል፣ ዴሊቨሪ፣ እነዚህ 5 ናቸው፣ 10 አመት ብትሰራም ለዚህ ጉዳይ አይጠቅሙም። ስለዚህ መጀመሪያ ደብዳቤህ ላይ ኩክ ነው የሚለው ወይስ ኪችን ሄልፐር የሚለውን እይ፣ ኪችን ሄልፐር ከሆነ 5 ነው አለቀ።

ከዛ ሰአትህን ደምር። ኤፕሪል 30 2024 ድረስ ተማሪ በሳምንት ከ20 ሰአት በላይ እንዳይሰራ የሚለው ገደብ ተነስቶ ነበር፣ ከዛ ተመለሰ፣ ከኖቬምበር 8 2024 ጀምሮ 24 ሆነ። ትምህርት ቤት በይፋ በሚዘጋበት ጊዜ ፉል ታይም ይፈቀዳል። አንተ በነዚህ ገደቦች ውስጥ ሰርተህ 1,560 ይሞላል? አይመስለኝም። ይሞላል ካልክ ደሞ ኦፊሰሩ በተማሪ ፐርሚት ይህን ሁሉ ሰአት እንዴት ሰራህ ብሎ ይጠይቅሃል፣ እዛ ጥያቄ ውስጥ በፈቃድህ አትግባ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አገር ቤት ምን ነበር የምትሰራው?

ዊኒ_ልጅ፦
ባንክ። ከ2009 እስከ 2015 በኛ አቆጣጠር አንድ የግል ባንክ ነበርኩ። መጀመሪያ ካሸር፣ በኋላ ከጥር 2012 ጀምሮ ብድር ክፍል ሎን ኦፊሰር። ግን ያኔ ማታ በኤክስቴንሽን ዲግሪዬን እየተማርኩ ነበር፣ ስለዚህ እሱም የተማሪ ስራ ነው ብዬ ጨርሶ ከሂሳብ አውጥቼዋለሁ፣ ፕሮፋይሉን ስሞክረውም አላስገባሁትም።

ቆሎ_ሻጭ፦
ኧረ በስመአብ

ጋሽ_ፋይል፦
ይኸው! ወርቁን ጥለህ ኩኩን ይዘህ ስትዞር ነበር። ቀን ባንክ ውለህ ማታ ክፍል መግባትህ ለኤፍኤስደብሊው ምንም አያደርግህም። አገራችን ስንት ሰው ነው እንደዛ የሚማረው፣ ቢሮ ከወጣ በኋላ ዳቦ በሻይ አርጎ 11 ሰአት ተኩል ላይ ክፍል የሚገባ፣ ቅዳሜና እሁድ የሚማር። ፉል ታይም ተማሪ ሆኖ መስራትን የሚከለክለው የሲኢሲ ህግ ነው፣ ሲኢሲ ደሞ የካናዳን ስራ ብቻ ነው የሚያየው፣ አዲስ አበባ ድረስ አይመጣም።

ግን ተጠንቀቅ፣ ሁሉም አይደለም የሚቆጠረው። ባንክ ካሸር (ቴለር) ቲር 4 ነው። ሎን ኦፊሰር ቲር 3 ነው። ስለዚህ ካንተ የባንክ አመታት የሚቆጠረው ብድር ክፍል ከተዛወርክ በኋላ ያለው ነው፣ ከጥር 2012 እስከ 2015 ማለቂያ። እሱ ብቻ ከ3 አመት ተኩል በላይ ነው፣ ይበቃሃል። 10 አመቱም ገና አላለፈም።

የካልጋሪ_ሰው፦
ጋሽ ፋይል ካሸር 4 መሆኑን ባታነሳ ኖሮ ልጁ ሙሉ 6 አመት ብሎ ሊሞላ ነበር። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሀበሻ የሚወድቀው፣ የኛ ባንኮች የስራ መጠሪያ ያምታታል፣ ሁሉም ኦፊሰር ነው። ጁኒየር ኦፊሰር፣ ካስተመር ሰርቪስ ኦፊሰር፣ ባንኪንግ ኦፊሰር፣ ከፍተው ሲያዩት ገንዘብ ተቀባይ ነው። ካናዳዎቹ ስሙን አያዩም፣ የሰራኸውን ዝርዝር ነው ከኖኩ (ከካናዳ የስራ ምደባ መዝገብ) ጋር የሚያስተያዩት።

ማለዳ21፦
ስለዚህ ልጁ አሁኑኑ መግባት ይችላል ማለት ነው? ፖይንቱ ይበቃዋል?

ጋሽ_ፋይል፦
ሁለት ፖይንት አለ፣ አታምታቱት። አንዱ ኤፍኤስደብሊው በር ላይ የሚጠይቀው ነው፣ ከ100 ውስጥ 67። ሌላው ማጠራቀሚያው ውስጥ ገብተህ የምትወዳደርበት ሲአርኤስ ነው።

ዊኒ ልጅ ባለ ዲግሪ ነው በዛ ላይ የካናዳ ዲፕሎማ አለው፣ ሁለት ወይም ከዛ በላይ ስለሆነ 22። እድሜ 12። የ3 አመት ስራ 11። ካናዳ 2 አመት ፉል ታይም መማሩ 5። እንግሊዝኛህ ስንት ነው ዊኒ?

ዊኒ_ልጅ፦
አይልስ ሊስኒንግ 7.5፣ ሌላው ሁሉ 6.5።

ጋሽ_ፋይል፦
ያ በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ሲኤልቢ 8 ነው፣ በአንዱ 5 በአራቱ 20። ድምሩ 70። አልፈሃል በሩን። ይገርማችኋል፣ ካናዳ ያልተማረ አንድ ዲግሪ ብቻ ያለው ወጣት፣ እንግሊዝኛው ሲኤልቢ 9 ሆኖ የ1 አመት ስራ ቢኖረው 21 ሲደመር 24 ሲደመር 12 ሲደመር 9 ይሆናል፣ 66! በአንድ ነጥብ ይቀራል። ሁለተኛ አመት ስራ መጨመሩ ለዛ ሰው ሁሉ ነገር ነው። ስለዚህ አገር ቤት ያላችሁ፣ እየተማራችሁ የሰራችሁትን አመት ዝም ብላችሁ አትጣሉት።

አሁን ሲአርኤስ። ዊኒ ዛሬ ቢገባ፣ ያላገባ ከሆነ፣ በግምት 395 ነው የሚያገኘው። ሜይ ላይ የካናዳ 1 አመቱ ሲሞላ 485 ይሆናል፣ ምክንያቱም የካናዳው አመት ብቻውን 40 ያመጣል፣ ከትምህርቱና ከባንኩ ስራ ጋር ሲጣመር ደሞ ሌላ 50። እንግሊዝኛውን ወደ ሲኤልቢ 9 ካሳደገ፣ ማለት ሊስኒንግ 8 ሌላው 7፣ 517 ይደርሳል። 30 ሲሞላ 5 ነጥብ ነው የሚቀነሰው፣ 5 ብቻ፣ ለሱ ብለህ እንቅልፍ አትጣ፣ ለአይልሱ ነው ማምሸት ያለብህ።

ባለጋውን፦
ግን ኤፍኤስደብሊው ብቁ ሆኖ 395 ይዞ ገብቶ ምን ያረጋል? ማንም አይጠራውም እኮ። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ለሁሉም የሚሆን ድሮው (ከማጠራቀሚያው የሚደረግ ጥሪ) አላየንም፣ የሚጠሩት ወይ ሲኢሲ ወይ የፕሮቪንስ ወይ ፈረንሳይኛ ወይ ጤና ምናምን ነው። የ2025ቱ የሲኢሲ ድሮው ደሞ ሁሌም ከ500 በላይ ነው።

ጋሽ_ፋይል፦
ልክ ነህ ባለጋውን፣ ብቁ መሆን እና መጠራት ለየቅል ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ፕሮፋይል መክፈቱ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ። አንደኛ፣ ያለበት ፕሮቪንስ የማኒቶባ እጩነት ካገኘ 600 ነጥብ ይጨመርለታል፣ ፕሮቪንሱ ደሞ የራሱ መስፈርት አለው፣ ፔይሮሉን እዛው ቀጣሪ ጋር እየሰራ ስለሆነ እሱን መንገድ ይይ። ሁለተኛ፣ ሜይ ላይ ያንኑ ፕሮፋይል ማስተካከል ነው፣ ሲኢሲ ይጨመርለታል። የባንኩን ስራ አሁን አለማስገባቱ ግን ሜይም ላይ ይጎዳው ነበር፣ ያለሱ 485 ሳይሆን 435 ነው።

እና በኤፍኤስደብሊው ከተጠራህ ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ ማሳየት አለብህ፣ ለአንድ ሰው ከ15 ሺህ ዶላር በላይ፣ በሲኢሲ ግን አይጠየቅም። ይሄንንም አስብበት።

የኤድመንተን_እናት፦
ይቅርታ ርእሱን ልሰርቅ ብዬ አይደለም፣ የኔም ከዚሁ ጋር ስለሚሄድ ነው። ባለቤቴ ተማሪ ሆኖ ነው የመጣነው፣ እኔ ኦፕን ወርክ ፐርሚት አለኝ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርስ ኤይድ ነኝ፣ 8 ወር ሰርቻለሁ። አሁን ኤልፒኤን (ከነርስ ኤይድ ከፍ ያለ የነርስነት ሙያ) ልማር ፉል ታይም ተመዘገብኩ፣ ስራውን ግን አላቆምም፣ ቅዳሜ እሁድና ሌሊት እሰራለሁ። የኔ ፐርሚት የስራ ነው እንጂ የተማሪ ስላልሆነ ይቆጠርልኛል አይደል?

ጋሽ_ፋይል፦
እህቴ ቆይ፣ አትቸኩይ። ህጉ የሚያየው በእጅሽ ያለውን ወረቀት አይደለም፣ ፉል ታይም እየተማርሽ ነበር ወይ ነው። ወርክ ፐርሚት ይዘሽም ፉል ታይም ከተማርሽ ከዛ ቀን ጀምሮ የምትሰሪው ለሲኢሲ አይቆጠርም። ነርስ ኤይድ ቲር 3 ነው፣ ስራሽ ጥሩ ነው፣ 8 ወሩ ደህና ነው አይጠፋም፣ 4 ወር ነው የቀረሽ። ትምህርቱን በአንድ ሴሚስተር ማዘግየት ከቻልሽ፣ ወይ ፓርት ታይም ከሆነ፣ አመቱን ሙዪና ጀምሪ።

የኤድመንተን_እናት፦
ውይ አምላኬ ማንም አልነገረኝም። ከጀመርኩ በኋላ ሰመር ክፍል ሲዘጋስ? ያኔ ፉል ታይም ነው የምሰራው።

ጋሽ_ፋይል፦
በይፋ እረፍት ላይ ሆነሽ ለሚቀጥለው ሴሚስተር የተመዘገብሽ ከሆነ አሁንም ፉል ታይም ተማሪ ነሽ፣ እኔ ብሆን አልቆጥረውም። በሱ ተማምነሽ አመት ሞላ ብለሽ ከመግባት ሴፕቴምበሩን ወደ ጃንዋሪ መግፋት ይሻላል።

የካልጋሪ_ሰው፦
እቴ ሌላም ነገር ልብ በይ፣ ደብዳቤው ላይ ነርስ ኤይድ ወይ ሄልዝ ኬር ኤይድ መሆኑን አረጋግጪ። ሰው ቤት እየሄዱ የሚሰሩት ሆም ሳፖርት ወርከር 4 ነው፣ መኖሪያ ተቋም ውስጥ የሚሰሩት ነርስ ኤይድ ግን 3። ስራው ይመሳሰላል፣ ቁጥሩ ግን ይለያያል።

ዲሲ_ታክሲ፦
እኔ ከሜሪላንድ ነኝ፣ ኤፍ ዋን (የአሜሪካ ተማሪ ቪዛ) ላይ ተምሬ ኦፒቲ (ለዛ ቪዛ ተማሪዎች የሚሰጥ የስራ ፈቃድ) ላይ 1 አመት ከምናምን ሶፍትዌር ሰርቻለሁ፣ እዚህ ነገሩ እየጠበበ ስለመጣ ካናዳን እያየሁ ነው። ይሄም ያው የተማሪ ስራ ተብሎ ይጣላል?

ጋሽ_ፋይል፦
አይጣልም። ለካናዳ ያንተ ስራ የውጭ አገር ልምድ ነው፣ በኤፍኤስደብሊው ይታያል፣ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ቲር 1 ነው። ደሞዝ የተከፈለህ መሆን አለበት፣ በነጻ የሰሩ የኦፒቲ ልጆች አሉ፣ የነሱ አይቆጠርም። እና ያለመቋረጥ 1 አመት መሙላቱን በፔይ ስተብ እና በዳብልዩ 2 (የአሜሪካ የአመት ደሞዝ ወረቀት) አሳይ።

ማለዳ21፦
የአክስቴን ልጅ ደውዬ ጠየቅኳት፣ ጋሽ ፋይል ልክ ነው በኤፍኤስደብሊው ነው የገባችው። አንድ ያስቸገራት ነገር ነበር፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣላት ብር ግማሹ በቲ4 ግማሹ በቲ4ኤ ነበር። ቲ4ው የቲኤ ደሞዝ ነው፣ ቲ4ኤው ስኮላርሺፕ ነው። ሰአቷን ስትቆጥር በቲ4 የተከፈላትን ብቻ ነው የያዘችው፣ ላብ ውስጥ ለራሷ ቴሲስ የሰራችውን ትታ። ሰመር ላይም ኮንትራቷ እንዳይቋረጥ አርኤ (የምርምር ረዳት ስራ) ይዛ ነው የቆየችው፣ ሁለቱም አንድ ኖክ ውስጥ ስለሆኑ አልተቋረጠም ብላ አስረዳች።

ባለጋውን፦
እኔ ደሞ ልጠይቅ፣ ኤፕሪል ላይ ጨርሼ ጋውን የለበስኩት ጁን ነው። ሜይ ሙሉ የሰራሁት ይቆጠራል? አንዱ ምረቃው ቀን ድረስ ተማሪ ነህ አለኝ።

ጋሽ_ፋይል፦
የሚታየው ትምህርቱን የጨረስክበት ማረጋገጫ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ኮምፕሊሽን ሌተር የሰጠህ ወይ የመጨረሻ ውጤት ያሳወቀህ ቀን፣ የጋውኑ ቀን አይደለም። ከዛ በኋላ ፒጂደብሊውፒ (ለጨረሱ ተማሪዎች የሚሰጠው ወርክ ፐርሚት) ሳይመጣ፣ የተማሪ ፐርሚትህ ሳያልቅ አመልክተህ መልስ እየጠበቅህ የሰራኸው ይቆጠራል፣ ከማመልከትህ በፊት ግን መስራት አይፈቀድልህም። ያመለከትክበትን ቀን የሚያሳየውን ደረሰኝ አስቀምጠው።

ዊኒ_ልጅ፦
እኔ የምለው፣ እዚህ አንድ ኮንሰልታንት ጋር ሄጄ ነበር፣ ኮኦፑንም ኩኩንም ከፔይሮሉ ጋር ደምረህ 1 አመት ሞላ በል፣ ማንም አያየውም አለኝ።

የካልጋሪ_ሰው፦
ሩጥ። ከዛ ቢሮ ሩጥ። ያጠናህበት ቀን ራሱ ፕሮፋይሉ ላይ አለ፣ የስራው ቀንም አለ፣ ኦፊሰሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የሚያየው። ውሸት ነው ከተባለ 5 አመት እገዳ ነው፣ የከፈልከው ሰውዬ አብሮህ አይታገድም።

ጋሽ_ፋይል፦
አዎ። ግን እንዳትደብቀውም። ከተጠራህ በኋላ የ10 አመት ታሪክህን ያለ ክፍተት ትሞላለህ፣ ኩኩም ኮኦፑም እዛ መግባት አለባቸው። ለብቁነት አትቁጠራቸው ማለት አልሰራሁም በል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ባንኩ ደብዳቤ እንምጣ፣ ያለህ ምን ይላል?

ዊኒ_ልጅ፦
ስወጣ የሰጡኝ ነው፣ እንዲህ ይላል፦ "ለሚመለከተው ሁሉ። ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ሠራተኛ በባንካችን ከመስከረም 2009 ዓ.ም እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2015 ዓ.ም ድረስ በተለያዩ የሥራ መደቦች ሲያገለግሉ ቆይተው በራሳቸው ፈቃድ ሥራ የለቀቁ መሆኑን እየገለጽን፣ የሥራ ግብር በወቅቱ የከፈሉ መሆኑን እናረጋግጣለን።" ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው።

ቆሎ_ሻጭ፦
"በተለያዩ የሥራ መደቦች" ሃሃሃ ይቺ ቃል ስንቱን ሰው አስቀረች

ጋሽ_ፋይል፦
ይሄ ደብዳቤ ለአገር ቤት ቅጥር ይበቃል፣ ለካናዳ አይበቃም። ካሸር የነበርክበትና ሎን ኦፊሰር የሆንክበት ቀን ለየብቻ መጻፍ አለበት፣ ደሞዝህ፣ በሳምንት ስንት ሰአት እንደሰራህ፣ እና ብድር ክፍል የሰራኸው ዝርዝር። ዝርዝሩን ደሞ ከኖኩ ላይ ገልብጣችሁ አትስጡ፣ የእውነት የሰራኸውን ጻፍ፦ የብድር ማመልከቻ መቀበል፣ የደንበኛውን የፋይናንስ ሰነድ መመርመር፣ መያዣ ንብረት የሚገኝበት ቦታ ሄዶ ማየት፣ ለብድር ኮሚቴ አስተያየት ማቅረብ፣ ክፍያ መከታተል። የዝውውር ደብዳቤህ ካለ እሱን አያይዝ፣ ያ ከምንም በላይ ቀኑን ያሳያል። የጡረታ መዋጮም የተቆረጠበት የደሞዝ ማስረጃ ካለህ ጥሩ ነው።

እና ቀኑ! ተርጓሚው ጥር 2012ን ጃንዋሪ 2012 ብሎ እንዳይጽፍልህ። ጥር 1 ቀን 2012 ማለት ጃንዋሪ 10፣ 2020 ነው። ሐምሌ 30 ቀን 2015 ደሞ ኦገስት 6፣ 2023። አንድ የማውቀው ሰው ትርጉም ቤት እንዳለ አስገልብጦ፣ በወረቀቱ ላይ ገና ሃይስኩል እያለ ባንክ የተቀጠረ ሆኖ ተገኘ፣ ማብራሪያ ሲጽፍ ስንት ጊዜ አለፈበት። ባንኩ ራሱ በእንግሊዝኛ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጻፈልህ ትርጉምም አያስፈልግህም።

ዊኒ_ልጅ፦
የዝውውር ደብዳቤው አለኝ! ስልኬ ላይ ፎቶው ተገኘ፣ ጥር 1 ቀን ይላል። ለአይልስ ደሞ ተመዝግቤያለሁ። ወንድሜ ሰኞ ዋናው መስሪያ ቤት ሄዶ አዲሱን ደብዳቤ ይጠይቅልኛል።

ቆሎ_ሻጭ፦
ወንድምህ ባዶ እጁን ከሄደ ባለቤቱ ይምጣ ነው የሚሉት። ውክልና ከኦታዋ ኤምባሲ ጀምር ዛሬ፣ ወይም መጀመሪያ ኤችአሩን በኢሜይል ጠይቅ፣ አንዳንዱ ባንክ የራስህን ኢሜይልና የመታወቂያ ኮፒ ካየ ስካን አርጎ ይልካል።

ዊኒ_ልጅ፦
ኢሜይሉን አሁን ላኩት፣ የዝውውር ደብዳቤውን አያይዤ። ውክልናውንም ጎን ለጎን እጀምራለሁ።